አምስተኛው መስመር

እናንተ ፊደልን በልጅነታችሁ የቆጠራችሁ ሰዎች፣ የምነግራችሁን ታምኑት ይሆናል እንጂ አይገባችሁም። በዚህ አባባሌ የሚከፋው ካለ ይክፋው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ሽበት ሲያወጣ ነው፤ ያውም እስር ቤት። ከዚያ በፊት የተጻፈ ነገር ሁሉ ለእኔ ዶሮ የጫረችው መሬት ነበር። ጉዱ ግን ይኼ ነው፦ በመቱ ከተማ ከእኔ የበለጠ ፊደል ድንጋይ ላይ የቀረጸ ሰው አልነበረም።

ነገራ ቶላ እባላለሁ፤ ድንጋይ ጠራቢ ነበርኩ። የድልድይ፣ የቤት መሠረት፣ የመቃብር፣ ምንም ይሁን ምን ድንጋይ ከሆነ እኔ ዘንድ ይመጣል። ጽሑፍ ሲያስፈልግ የተማረ ሰው በከሰል ይጽፍልኛል፤ እኔ በመሮና በመዶሻ እከተለዋለሁ። ጠማማውን ጠማማ፣ ክቡን ክብ አድርጌ አወጣዋለሁ። ሰው እየመጣ “አቤት ጽሕፈት!” ይላል። እኔ ምን እንደሚል አላውቅም። አንድ ጊዜ እንዲያውም ጎሬ ላይ የአንድ ነጋዴ መቃብር ድንጋይ ዘቅዝቄ አቁሜ፣ ለቀስተኛው ለቅሶውን ትቶ ሳቀብኝ። አብሬ ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በገበያው ጫፍ ካለው ትልቅ ዋርካ ሥር የመታሰቢያ ድንጋይ ይቁም ተባለ። እዚያ ዋርካ ሥር ጣሊያን ሰባት ሰው ረሽኗል። ከሰባቱ አንዱ ታላቅ ወንድሜ ደበላ ነው። መዶሻ አያያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሬሳውን አልሰጡንም። ሰባቱንም በመኪና ጭነው ወሰዱና የት እንደጣሏቸው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ እናታችን የምታለቅስበት መቃብር አልነበራትም። መቃብር የሌለው ሰው ደግሞ በእኛ አገር ሞቷልም፣ አልሞተምም። እናቴ በለቅሶ ቤት የሰው ስታለቅስ አይቻለሁ፤ የልጇን ግን አላለቀሰችም። “የት ሄጄ?” ትል ነበር።

ደበላ የተያዘው ያዮ፣ ቡና ጫካ ውስጥ ነው። ያንን ጫካ የሚያውቅ ሰው መርቶ ካላስገባው ጣሊያን ዓመት ቢዞርም አያገኘውም ነበር። መርቶ ያስገባው ባላምባራስ እሸቴ የሚባል ሰው ነው። ይህን መቱም ያውቃል፣ ያዮም ያውቃል። ባላምባራሱ ነፃነት ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው ታሞ፣ አልጋው ላይ፣ ልጆቹ ከበውት ሞተ። ልጁ ቀኛዝማች ዘውዴ ደግሞ ጣሊያን እንደወጣ ከአርበኞቹ ጋር ተቀላቅሎ ገባና የአውራጃችንን ሹመት አገኘ። ከዚያ ወዲያ ስለ አባቱ የሚናገር አፍ ጠፋ። የእኔም አፍ አብሮ ጠፋ፤ ራሴን ነጥዬ አላወራላችሁም።

ድንጋዩን ከሶር ወንዝ ማዶ አወጣሁት። ለስላሳ፣ መሮ የሚወድ ድንጋይ ነው። የአውራጃው ጸሐፊ አቶ በላቸው መጥቶ ሰባቱን ስም በሰባት መስመር በከሰል ጻፈልኝ። እጁ ቆንጆ ነበር፤ ይህን አልክደውም።

“ወንድሜ የቱ ጋ ነው?” አልኩት።

በጣቱ እየቆጠረ ወረደና ቆመ። “ይኸውልህ። አምስተኛው መስመር።”

ሁለት ሳምንት ቀረጽኩ። አምስተኛውን መስመር ከሁሉ ይልቅ ጠለቅ አደረግሁት። ሌላው ስም ዝናብ ቢበላው እንኳ እሱ እንዲቀር ብዬ ነው። ቀስ እያልኩ፣ በእርጥብ ጨርቅ እያበስኩ፣ አንዳንዴም እያወራሁት። ዛሬ ይህን ስጽፍ እጄን መቁረጥ ያምረኛል።

ድንጋዩ ሊመረቅ አንድ ቀን ሲቀረው እናቴ ከያዮ በእግሯ መጣች። እናቴን አዮ ነው የምላት። ከጎሬ ትልቅ ሹም፣ አንድ ፊታውራሪ፣ መጥቶ እንደሚገልጠው ሰምታለች። ባዕድ ሳያየው ቤተሰብ መቀባት አለበት ብላ፣ ለጋ ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ይዛለች። በእኛ ዘንድ የተከበረ ነገር ቅቤ ይቀባል፤ ዛፍም ይሁን ድንጋይ።

“የቱ ነው?” አለችኝ በኦሮምኛ።

እጇን ይዤ አምስተኛው መስመር ላይ አስቀመጥኩላት። ከዳር እስከ ዳር በጣቷ ዳሰሰችው።

“ይኼ ሁሉ ስሙ ነው?”

“አዎ፣ አዮ።”

“ረዘመ። ደበላ አጭር ስም ነው።”

“ማዕረግ ጨምረውለት ይሆናላ!” አልኳት። ኮርቼ ነበር እኮ።

ቅቤውን በመዳፏ አቅልጣ እያንዳንዱን ጉድጓድ ሞላችው። “ያ ኢልማ ኮ” ትላለች፤ ልጄ ሆይ ማለት ነው። “ቤት አገኘህ። ከእንግዲህ እመጣለሁ። ከእንግዲህ የምመጣበት አለኝ።”

በዚህ መሐል የቤተ ክርስቲያኑ መሪጌታ ጥበቡ በመንገዱ ሲያልፉ ቆሙ። ነገ የሚጸልዩት እሳቸው ስለሆኑ ድንጋዩን ለማየት ነው የመጡት።

“እማማ፣ ለማን ነው የሚቀቡት?”

“ለደበላዬ” አለች እናቴ በተሰባበረ አማርኛ።

መሪጌታ አፍንጫቸው ድንጋዩን እስኪነካ ድረስ ጎነበሱ። ዐይናቸው ደክሟል። ቅቤ የተቀባውን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ሄዱበት፣ ተመለሱ፣ እንደገና ሄዱበት። ቀና ሲሉ ፊታቸው ሌላ ነበር።

“ማነው ይህን የጻፈው?”

“አቶ በላቸው።”

“አንተ ቀረጽከው?”

“እኔ ቀረጽኩት። ምን ሆኑ መሪጌታ?”

“አይ ነገራ። አይ የቶላ ልጅ።” ግራና ቀኝ አዩ። “እኔ አልነገርኩህም፤ አደራ። ባላምባራስ እሸቴ ይላል።”

እናቴ አማርኛ ብዙ አታውቅም። ያንን ስም ለመስማት ግን አስተርጓሚ አያስፈልጋትም። እጇ ድንጋዩ ላይ እንዳለ ደረቀ። ከዚያ ቀስ ብላ አነሳችውና በቀሚሷ ጠረገችው፤ ጠረገችው፤ ደግማ ጠረገችው። ዞራ አየችኝ።

“እጅህ ነው የጻፈው” አለችኝ።

መሪጌታ ሄደዋል። እኔ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሮጥኩ። አቶ በላቸው በሩን ሊቆልፍ ሲል ደረስኩበት።

“አቶ በላቸው፣ አምስተኛው መስመር ምን ይላል?”

“እንዴ! ነግሬህ የለም? ወንድምህ ነው።”

“መሪጌታ ሌላ ነው የሚለው አሉኝ።”

ሳቀ። በአሳሳቁ እንኳ ጭንቀት አልነበረበትም። “መሪጌታ ጥበቡ? ወንድሜ፣ እሳቸው ዳዊቱን በቃላቸው እየደገሙ ገጹን የሚገልጡት ለደንቡ ነው። ዐይናቸው ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ መሬት ወሰን ከእኔ ጋር እንደተካሰሱ አታውቅም? እኔን ለመወንጀል ሲሉ ድንጋዩ ያወራል ቢሉህ ታምናለህ?”

“ታዲያ ስሙ ለምን ረዘመ?”

“አርበኛ ብዬ ጨምሬበት ነዋ! ክፉ አደረግሁ?”

“በማርያም ይማሉልኝ።”

“ማርያምን! አርበኛ ደበላ ቶላ ነው የሚለው። ሂድና ተኛ፤ ነገ ንጹሕ ልብስ ልበስ።”

እስቲ ፍረዱ። ሁለት የተማሩ ሰዎች ናቸው። አንዱ ዐይኑ ደክሟል፣ ጠላትም አለው። ሌላው ዐይኑ ደህና ነው፣ የሚፈራው ጌታ አለው። ሁለቱም አንዱን መስመር አንብበው ሁለት ሰው አወጡልኝ። እኔ የቀረጽኩት እኔ መሐል ላይ እንደ በግ ቆሜአለሁ። ሌላ ማንን ልጠይቅ? አስተማሪው ጎሬ ሄዷል። ማንበብ የሚችለው ባለ ሱቅ የቀኛዝማች ዘውዴ ጭሰኛ ልጅ ነው። የቀረው የሚያነብ ሰው ሁሉ ከጽሕፈት ቤቱ እንጀራ የሚበላ ነው። ድንጋዩ ላይ ያለው ነገር አደባባይ ተገትሯል፣ እኔ ግን እንደ ዕውር ሰው በር ለበር እለምናለሁ።

ቤት ስገባ እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። የቀረበላትን አልነካችም።

“በላቸው ማለልኝ፣ አዮ። ደበላ ነው አለኝ።”

“አንተስ ምን ትላለህ?”

እሳቱን ቆሰቆስኩ።

“ወይ እወቀው፣ ወይ አዮ ብለህ አትጥራኝ።”

ያን ጊዜ ነው ወረቀቱ ትዝ ያለኝ። ከዓመታት በፊት በጎሬ መንገድ ድልድይ ስንሠራ፣ አለቃችን ጎበዝ ሠራተኛ ነው የሚል የምስክር ወረቀት ሰጥቶኝ ነበር። ጣቴን ከማስፈረሙ በፊት ከሁለት ቃላት ሥር በእርሳስ አስምሮ “ይቺ ነገራ ናት፣ ይቺ ደግሞ ቶላ፣ አባትህ” ብሎ አሳይቶኛል። ዝናብ እንዳይነካው ቀርቀሃ ውስጥ ከትቼ ጣሪያ ሥር ሰክቼዋለሁ። አወጣሁት። ሁለተኛዋን ቃል አፍጥጬ አየኋት። ሁለት ፊደል ነች። አንዷ እንደ መስቀል ሆና አናቷ ላይ ቀለበት ያላት፤ ሌላዋ ሁለት እግር ኖሯት አንዱ የረዘመ። እኔና ደበላን አንድ አባት ነው የወለደን። እሱ ድንጋዩ ላይ ካለ ስሙ በእነዚህ በሁለቱ ማለቅ አለበት። ማንበብ አልችልም እንጂ ቅርጽ ካየሁ አልረሳም፤ እንጀራዬ ነው።

ሲነጋጋ ዋርካው ሥር ደረስኩ። ድንጋዩ በነጭ አቡጀዲ ተሸፍኗል። ዘበኛው ገመዳ፣ አንድ አሮጌ ምንሽር የታጠቀ ነጭ ለባሽ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ግንዱን ተደግፏል። የቆየ ትውውቅ አለን።

“አይዞህ” አለኝ፣ “ድንጋይህ አልሸሸም። እኔን ነው ብርዱ ሊያሸሸኝ የነበረው።”

“ጫፉ ላይ የቀረኝ አለ። ልግባ?”

“ግባ። እንዳታገባው ብቻ!” ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ።

አቡጀዲው ሥር ገባሁ። ብርሃኑ ወተት መስሏል። ወረቀቱን ከአንደኛው መስመር መጨረሻ አጠገብ ያዝኩ። አይደለም። ሁለተኛው፣ አይደለም። ሦስተኛው አንድ እግሯ የረዘመውን አገኘሁ፤ ልቤ ዘለለ፤ መስቀሏ ግን ከጎኗ የለችም። አራተኛው፣ አይደለም። አምስተኛው ላይ ቅቤው ረግቷል። በጥፍሬ ፍቄ አወጣሁትና አየሁ። አይደለም። ስድስተኛው፣ ሰባተኛው፣ አይደለም። ተመልሼ ከላይ ጀመርኩ። ምን ለማግኘት እንደሆነ አላውቅም።

ወንድሜ ድንጋዩ ላይ የለም። ሁለት ሳምንት ያወራሁት ሰው ሌላ ነው።

ያኔ ተናድጄ ነበር ብላችሁ እንዳትገምቱ። ብርድ ብርድ አለኝ እንጂ ንዴት አልነበረም። መሮዬን አወጣሁና አምስተኛውን መስመር ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሬ መላጥ ያዝኩ። ቅቤው መሮውን አንሸራተተውና የግራ አውራ ጣቴን ሰነጠቀኝ። ደሙም ቅቤውም ከድንጋዩ ዱቄት ጋር ተለወሰ። ጠልቆ የተቀረጸ ነገር ቶሎ አይነቀልም። ለምን ጠለቀ? እኔው ነኝ ያጠለቅሁት።

ግማሽ ላይ ስደርስ የበቅሎ ኮቴ ሰማሁ። ቆምኩ።

“ውስጥ ማነው?” የቀኛዝማች ዘውዴ ድምፅ ነው።

“ጠራቢው ነው ጌታዬ” አለ ገመዳ። “ጫፉን ያስተካክላል።”

“በዚህ ሰዓት ምን የሚስተካከል አለ? ውጣ በለው! ግለጠው፣ ልየው!”

ወጣሁ። ዱቄት ለብሻለሁ፣ አውራ ጣቴን ጭብጤ ውስጥ ደብቄአለሁ። የገመዳ እጅ አቡጀዲው ላይ ነው። ግማሽ ክንድ ከፍ ቢያደርገው ሁሉም ነገር አለቀ።

“ጌታዬ” አልኩ፣ “ትናንት አንዲት አሮጊት አምስተኛውን መስመር ቅቤ ቀብታዋለች። አቧራ ይዟል። ሳይጸዳ ከተገለጠ ሰው ሁሉ ዐይኑን የሚጥለው እሱ ላይ ነው።”

አምስተኛ የሚለውን ሲሰማ ፊቱን ነበር የማየው። እንደ ሰው ፊት የማይዋሽ መጽሐፍ የለም፤ እሱን ማንበብ እኔም እችል ነበር። ዐይኑ ወደ ድንጋዩ ሄደ፣ ወደ ገበያው ሄደ፣ ከንፈሩን ነከሰ። ትናንት በላቸው የማለልኝ መሐላ እዚያች ላይ ሞተ።

“የማን እናት ናት?” አለኝ ዝግ ብሎ።

“እንጃ ጌታዬ። ከገጠር የመጣች ናት።”

“ተው፣ አትግለጠው” አለው ገመዳን። “አንተ ግባና አጽዳው። ንጹሕ አድርገህ አጽዳው! ቶሎ በል!”

“እሺ ጌታዬ። ንጹሕ አደርገዋለሁ።”

በራሱ ትእዛዝ ተመልሼ ገባሁ። የቀረውን ላጥኩት። አንድ ፊደል አላስቀረሁም። ሲያልቅ ሌላ ጉድ መጣ። ቦታው ባዶ ነው። ደበላ ብዬ ልጽፍ ፈለግሁ፤ ደበላ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም። ወንድሜን ከነፊቱ፣ ከነሳቁ፣ ከነአረማመዱ አውቀዋለሁ፤ ስሙን መጻፍ አልችልም። በዓለም ላይ የነበረኝ አንድ ቃል ወረቀቱ ላይ ያለው የአባቴ ስም ነው። በመስመሩ መጨረሻ ላይ እያየሁ፣ እየገለበጥኩ፣ ቶላ ብዬ ቀረጽኩ። ከፊቱ ያለውን ባዶ ተውኩት። ስወጣ ከበሮው ተጀምሯል።

ቀትር ላይ የፊታውራሪው መኪና ገባ። ገበያው ሞልቷል። ከያዮ፣ ከሶር ዳር፣ ከየአቅጣጫው ሰው መጥቷል። እናቴ ከሴቶቹ ፊት ቆማለች፤ አላየችኝም፣ ወይም ማየት አልፈለገችም። መሪጌታ ጸለዩ። ቀኛዝማች ዘውዴ ከሹሙ ቀኝ፣ በላቸው ከግራ ቆሙ። ፊታውራሪው ገመዱን ሳበ፣ አቡጀዲው ወረደ፣ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ሹሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስሞቹን ማንበብ ጀመረ። አንደኛ። ሁለተኛ። በየስሙ ከሕዝቡ መሐል አንዲት ሴት እልል ትላለች፤ ወይም ታለቅሳለች። ሦስተኛ። አራተኛ።

አቆመ።

“ቶላ” አለ። ጠጋ ብሎ አየ። “ቶላ? ከፊቱ ምን ነበር? ጸሐፊ! ይህ ማነው?”

በላቸው አፉን ከፈተ፣ ቀኛዝማቹን አየ፣ አፉን ዘጋ። ቀኛዝማቹ አመድ መስሏል። “የአባቴ ስም ነበር፣ ማን ፋቀው?” ለማለት እኮ በእነዚያ ሴቶች ፊት ባላምባራስ እሸቴ ከሰባቱ ጋር ተረሸነ ማለት ነበረበት።

“ሰው የለም ወይ? ቶላ ማነው?”

“ባሌ ነው” አለች እናቴ በኦሮምኛ። ወደፊት ወጣች። ነጭ ለባሹ ሊገፋት ሲል ፊታውራሪው በእጁ አስቆመው፤ ኦሮምኛ ይሰማ ነበር።

“ባልሽ እዚህ ነው የሞተው?”

“ባሌ በአልጋው ነው የሞተው። እዚህ የወደቀው ልጁ ነው። ደበላ ይባላል። ስሙን ዋጡት።”

“ማን ዋጠው?”

እናቴ ጣቷን አላነሳችም። ቀኛዝማች ዘውዴን አየችው፤ ዝም ብላ አየችው። ሕዝቡም ዐይኑን እሷን ተከትሎ ወደዚያው መለሰ። ፊታውራሪው ሞኝ አልነበረም። አየ፣ ገባው፣ እንዲከፈት ደግሞ አልፈለገም። ሹም ሁሉ እንዲህ ነው።

“ጸሐፊ፣ ከሰልህን አምጣ። ደበላ ብለህ ከፊቱ ጻፍ። አንተ ጠራቢ፣ አሁኑኑ ቅረጽ። ነገሩ በዚህ ይለቅ።”

በላቸው ጻፈ። ሦስት ፊደል። እናቴ አየችኝ፤ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ዐይኗ። መሮዬን አነሳሁ። ከሰሉን አየሁት። ደበላ ይሆን? ሌላ ስድብ ይሆን? እንደገና የዶሮ ጭረት ነው። እጄ እምቢ አለኝ።

“አልቀርጽም” አልኩ።

“ምን አልክ?”

“ምን እንደጻፈ አላውቅም ጌታዬ።”

“እኔ አነብልሃለሁ! ደበላ ይላል።”

“ትናንትም እሱ ማርያምን ብሎ እንዲሁ አነበበልኝ።”

ፊታውራሪው ፊቱ ተለዋወጠ። “እኔን ከጸሐፊ ጋር ታስተካክለኛለህ?”

“ጌታዬ፣ ለማያነብ ሰው የሚያነብ ሁሉ አንድ ነው። ከእንግዲህ የማላውቀውን አልቀርጽም።”

የቀሩትን ሁለት ስሞች ማንም አላነበባቸውም። እዚያው እጄን አሰሩኝ። የመንግሥት ድንጋይ ማበላሸትና የሹም ትእዛዝ መናቅ ተባለ። ሲወስዱኝ እናቴ “ቅረጸው! ቅረጸው!” እያለች ትጮህ ነበር።

የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። የተጻፈው እውነት ነበር። መሪጌታ ኋላ እስር ቤት መጥተው ነገሩኝ። ደበላ ነበር የሚለው፤ ጥርት ያለ ደበላ። ከሰሉ ሦስት ቀን ቆየ፤ እናቴ ሦስቱንም ቀን አጠገቡ ተቀምጣ ነበር አሉኝ። በአራተኛው ዝናብ መጥቶ አጠበው። የኢሉባቦርን ዝናብ ታውቁታላችሁ። እኔ ያን ቀን አምኜ ቀርጬው ቢሆን ኖሮ እናቴ ልጇን ታለቅስ ነበር። አላመንኩም። ሲዋሹኝ አመንኩ፣ እውነት ሲነግሩኝ አላመንኩም። አለማንበብ ይህ ነው፤ መታለል ብቻ አይምሰላችሁ። መታለልስ ይረሳል። የሚከፋው እውነቱ ፊትህ ተጽፎ ቆሞ፣ ከውሸቱ መለየት ሲያቅትህ ነው።

ጎሬ ሁለት ክረምት ታሰርኩ። በመሬት ጠብ የገባ አንድ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ አፉ የማያርፍ፣ ልቡ ግን ደግ። “ፊደል አስተምረኝ” አልኩት።

“በዚህ ጢም? ምን ልትሆን? ጳጳስ?”

“ደበላ እንዴት እንደሚጻፍ አሳየኝ።”

“ከሀ ነው የሚጀመረው አባ!”

“እኔ የምጀምረው ከደ ነው።”

በጥፍሬ የወህኒ ቤቱን የጭቃ ግድግዳ ስጭር ከረምኩ። መጀመሪያ ደበላን፣ ቀጥሎ ነገራን፣ ከዚያ ሁሉንም። ሌሎቹ እስረኞች ይስቁብኝ ነበር፤ ኋላ ደብዳቤያቸውን የማነብላቸው እኔ ሆንኩ። ለእያንዳንዳቸው ሳነብ “ሌላ ሰው ደግሞ ያንብብልህ” እላቸው ነበር። ይቀየሙኛል። ይቀየሙ።

ዛሬ ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት የምትልኩ፣ ሹመት እንዲያገኙ ብላችሁ አትላኩ። ሹመት ያገኙትን አይቻቸዋለሁ። አንድ መስመር ፊት ሲቆሙ ማንንም ሳይለምኑ እንዲያውቁት ብላችሁ ላኩ። ከዚያ የበለጠ ምክር የለኝም።

እንደተፈታሁ መቱ ገባሁ። ቀኛዝማች ዘውዴ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውሮ ነበር፤ በላቸው ግን እዚያው ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያተኛው እያየ፣ ከሰልም ሳልይዝ፣ ከቶላ ፊት ደበላን ቀረጽኩ። በላቸው ከጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ቆሞ አየኝ። ገብቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ ወደ ያዮ ሄጄ እናቴን አመጣኋት። በመንገዱ ሁሉ ከፊት ከፊት ሄደች።

ድንጋዩ ፊት አቆምኳት። “አዮ፣ ይኸው። ደበላ ቶላ ይላል። አሁን እኔ ራሴ ነኝ የማነብልሽ።”

አልዳሰሰችውም። አላመነችኝም። ዞር ዞር ብላ መንገዱን አየች። አንድ የቡና ነጋዴ በቅሎውን እየጎተተ ያልፋል፤ ጽድት ያለ ሸሚዝ የለበሰ፣ ኪሱ ላይ እርሳስ የሰካ።

“ልጄ፣ ቁም እስቲ። ከየት ነህ?” አለችው።

“ከበደሌ ነኝ፣ እናቴ።”

“እዚህ ዘመድ አለህ?”

“የለኝም።”

“መሬትስ?”

“ኧረ የለኝም። ምነው?”

“ይኼን ሰውዬ ታውቀዋለህ?” እኔን ነው የምታሳየው።

“ከየት አውቄው?”

“እንግዲያው ና፣ ይቺን አንብብልኝ። ከላይ አምስተኛዋን።”

ነጋዴው ግራ ገብቶት ጎንበስ አለ። በጣቱ ተከተለ። “ደበላ ቶላ ይላል፣ እናቴ። ልጅዎ ነው?”

እናቴ ነጠላዋን ከራሷ አወረደችና ወገቧ ላይ አሰረችው። ድንጋዩ ሥር ተቀመጠች። ደረቷን መታች። ደበላ በሞተ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ለቅሶዋን ያን ቀን ጀመረች።